የህዳሴው ግድብ በአየር ንብረት ድርድር፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መከራከሪያዎችና ቁጥሮቻቸው

በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ይታወሳል። በዚያው ሳምንት ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባዔ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ነበር። የምረቃውና የጉባዔው ቀን መገጣጠም አገሪቱ በዓለም አቀፍ መድረክ ለዓመታት ስታቀርበው የቆየችውን አንድ መከራከሪያ በተግባር ያሳየ ነው፤ ይኸውም ከወንዞቻችን የሚመነጨው ኃይል የዓለምን የጋዝ ልቀት ለመቀነስ የሚደረግ አስተዋጽኦ ስለሆነ በፖሊሲም በገንዘብም ሊደገፍ ይገባል የሚለው ነው።

መከራከሪያውን በዋናነት የሚሸከመው ግድቡን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ጽሑፍ ተቋሙ በአየር ንብረት ፖሊሲ ውስጥ ያለውን ሚና፣ ጉዳዩን ለማስረዳት የተሄደበትን መንገድ፣ ከዚህም በላይ መከራከሪያው የሚቆምባቸውን ቁጥሮች ለመንግሥት ሠራተኞችና ለኃላፊዎች ለማብራራት የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማግባባት ወይም ሎቢ

ሎቢ የሚለው ቃል መነሻው የምክር ቤት አባላት ከስብሰባ ሲወጡ ባለጉዳዮች የሚያገኙባቸው አዳራሾች ናቸው። ዛሬ ቃሉ አንድ ኩባንያ፣ ማኅበር ወይም መንግሥት ሕግ አውጪዎችንና ውሳኔ ሰጪዎችን ለማሳመን የሚያካሂደውን የተደራጀ ሥራ ሁሉ ያመለክታል። በአማርኛ የማግባባት ሥራ እየተባለ ይጠራል።

በአየር ንብረት ጉዳይ ማግባባት መጥፎ ስም ያተረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የተቋቋመውና የነዳጅ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የመኪናና የሌሎች ኢንዱስትሪዎችን ኩባንያዎች በአባልነት ያቀፈው ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የተሰኘው ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪፈርስ ድረስ አስገዳጅ የልቀት ቅነሳን ሲቃወም ቆይቷል። የእነዚህ ኩባንያዎች ጥቅም ፖሊሲው እንዳይጸና ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሁኔታ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የአየር ንብረት ፖሊሲ በጠነከረ ቁጥር የሚሸጠው ኃይል ተፈላጊነት ይጨምራል። ሆኖም ጥቅሙ ከፖሊሲው ጋር የሚሄድ ተቋምም ቢሆን ያው ባለጥቅም ነው። ስለሆነም የሚያቀርበው አኃዝ እንደማንኛውም ባለጉዳይ አኃዝ መመርመሩ አይቀርም፤ ሊያስከፋም አይገባም።

ሌላው ልዩነት ተቋሙ የመንግሥት የልማት ድርጅት መሆኑ ነው። አንድ የግል ኩባንያ የማግባባት ሥራውን በራሱ ሠራተኞች ወይም በቀጠራቸው ድርጅቶች ያከናውናል። በእኛ አገር ግን ሥራው በበርካታ መሥሪያ ቤቶች መካከል የተከፋፈለ ነው። ኃይል አመንጪው ተቋም የቴክኒክ መረጃውን ያቀርባል። የውኃውን ድርድር የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመሩታል። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የፕላንና ልማት ሚኒስቴርና የገንዘብ ሚኒስቴር ደግሞ በአየር ንብረት ሰነዶች፣ በክትትልና በፋይናንስ ረገድ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ስለዚህ በዚህ አገር የአየር ንብረት ማግባባት የሚሳካው ወይም የሚሰናከለው በመሥሪያ ቤቶች መካከል በሚመላለሰው መረጃ ጥራት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመብራት ኃይል እስከ ኤሌክትሪክ ኃይል

ሕዝቡ ዛሬም መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው ተቋም በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተመሠረተ። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ኃይል የማመንጨቱና በከፍተኛ መስመር የማስተላለፉ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማከፋፈሉና የሽያጩ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። አሶሳ ላይ መብራት ሲጠፋ አቤቱታ የሚቀርበው ለሁለተኛው ሲሆን፣ ወደ ጎረቤት አገር ለሚሸጠው ኃይል ውል የሚፈርመው የመጀመሪያው ነው። ሁለቱን ማምታታት በስብሰባዎች ላይ በብዛት የሚያጋጥም ስለሆነ ልዩነቱን መያዝ ይጠቅማል።

የአረንጓዴ ኢኮኖሚው ስትራቴጂና የኃይሉ ዘርፍ

የአየር ንብረት ጉዳይ ወደ አገሪቱ ፖለቲካ ማዕከል የገባው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገኑ ጉባዔ የአፍሪካ መሪዎችን ወክለው በተደራደሩበት ወቅት ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባን ኪ-ሙን የአየር ንብረት ፋይናንስን የሚያጠና ከፍተኛ አማካሪ ቡድን ሲያቋቁሙ አቶ መለስ ከተባባሪ ሰብሳቢዎች አንዱ ነበሩ። የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ደግሞ ወራት ብቻ ቆይቶ በ2004 ዓ.ም. በደርባኑ ጉባዔ ይፋ ሆኗል። ግድቡና ስትራቴጂው የአንድ ዘመን ሥራዎች ናቸው።

ስትራቴጂው እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 የአገሪቱ ጠቅላላ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የመጣው ከግብርናና ከደን ሲሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ዘርፍ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ነገሩ በተለመደው መንገድ ቢቀጥል እ.ኤ.አ. በ2030 ልቀቱ 400 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ተተነበየ። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው አገራዊ የአስተዋጽኦ ሰነድ ይህን በ64 በመቶ ቀንሶ በ145 ሚሊዮን ቶን ለመወሰን ቃል ተገባ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የተሻሻለው ሰነድ ቅነሳውን ወደ 68 ነጥብ 8 በመቶ ከፍ አድርጎታል። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በአገር አቅም የሚፈጸም ሲሆን ቀሪው 54 ነጥብ 8 በመቶ በዓለም አቀፍ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር እናገኛለን። በአብዛኛው አገር ኤሌክትሪክ ዋነኛው የልቀት ምንጭ በመሆኑ ታዳሽ የኃይል ማመንጫ መገንባት በቀጥታ ልቀትን ይቀንሳል። የኢትዮጵያ የኃይል መረብ ግን ቀድሞውኑ ከውኃ፣ ከነፋስና ከመሳሰሉት የሚመገብ ስለሆነ ተጨማሪ የውኃ ኃይል ሲገባበት በአገር ውስጥ የሚያጠፋው የድንጋይ ከሰል ጣቢያ የለም። ለዚህም ነው ስትራቴጂው የኃይሉን ዘርፍ የአየር ንብረት ጥቅም በዋናነት ከድንበር ውጭ የፈለገው። ለጎረቤት አገሮች በሚሸጥ ንጹህ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2030 እስከ 19 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ልቀት ማስቀረት ይቻላል የሚል ግምት በሰነዱ ሰፍሯል።

በአገር ውስጥ ያለው ጥቅም በሌላ በኩል ይመጣል። የአገሪቱ የኃይል ፍጆታ አብዛኛው የሚሸፈነው በማገዶ እንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ኤሌክትሪክ የምጣዱንና የምድጃውን ማገዶ ሲተካ የሚድነው ደን ነው፤ ቁጠባውም የሚመዘገበው በደን ዘርፍ እንጂ በኃይል ዘርፍ አይደለም። ጥር 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔም በተመሳሳይ መንገድ ጥቅሙን በትራንስፖርት ዘርፍ ያሳያል። በሌላ አነጋገር ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ሥራ ውጤት በሌሎች መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ላይ ነው የሚታየው። ይህ በበጀት ስብሰባ ላይ ተቋሙን የሚጎዳ፣ ነገር ግን በሒሳብ አያያዝ ትክክል የሆነ ነገር ነው።

ከጊቤ ሦስት የተወሰደ ልምድ

ዓለም አቀፍ አበዳሪዎችን የማሳመኑ ሥራ ቀላል አልነበረም። የዓለም የግድቦች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሪፖርት ታላላቅ ግድቦች በተፈናቃዮችና በአካባቢ ላይ ያደረሱትን ጉዳት ዘርዝሮ ካቀረበ በኋላ አበዳሪ ተቋማት እጅግ ጥንቁቅ ሆኑ። በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው 1 ሺህ 870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስት የዚህ ዘመን ፕሮጀክት ነበር። የአካባቢ ተሟጋች ድርጅቶች በታችኛው ኦሞና በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ያሉ ማኅበረሰቦች ይጎዳሉ በማለት ብርቱ የተቃውሞ ዘመቻ አካሄዱ። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ ፕሮጀክቱን በገንዘብ የመደገፍ ሐሳባቸውን ሳይገፉበት ቀሩ። የማመንጫው መሣሪያ ወጪ በቻይና ብድር ተሸፍኖ ጣቢያው በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከዚህ በኋላ የታየው የስልት ለውጥ ትኩረት የሚሻ ነው። አበዳሪዎች ግድብ ለመገንባት ቢያመነቱም የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ለመገንባት ፈቃደኞች ነበሩ። የዓለም ባንክ ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከኬንያ ለሚያገናኘው መስመር 684 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1 ሺህ 45 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና 500 ኪሎ ቮልት የሆነው ይህ መስመር እስከ 2 ሺህ ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም አለው። ተቺዎች መስመሩ በተዘዋዋሪ ጊቤ ሦስትን መደገፍ ነው ሲሉ ተከራክረዋል። ባንኩ በበኩሉ መስመሩ የሚያገናኘው ሁለት የኃይል መረቦችን እንጂ አንድን ጣቢያ አይደለም የሚል አቋም ያዘ። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ200 ሜጋ ዋት የሽያጭ ውል ተፈርሞ ኅዳር 2015 ዓ.ም. አቅርቦቱ ተጀመረ።

ግንቦት 2009 ዓ.ም. የዓለም የውኃ ኃይል ኮንግረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በአዲስ አበባ ተካሂዷል። ኮንግረሱን የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፉ የውኃ ኃይል ማኅበር የዘርፉ ዋነኛ አግባቢ ሲሆን፣ የግድብን ልቀት ለማስላት የሚያገለግለውን ጂ-ሬስ የተባለ መሣሪያ ከዩኔስኮ ጋር በመተባበር ያዘጋጀ ነው። የማግባባት ሥራ መለኪያ እስከማዘጋጀት እንደሚደርስ ይህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ህዳሴ ግድብ ግን የአየር ንብረት ፋይናንስ ተጠቃሚ አልሆነም። የግንባታው ወጪ የተሸፈነው በመንግሥትና በሕዝብ ነው። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ በየወሩ እየተቆረጠ ቦንድ የገዛበትን ጊዜ ስለሚያስታውስ ማብራሪያ አያሻውም። የመስኩ አዋቂዎች በዓለም ላይ ትልቅ ከሚባሉት የታዳሽ ኃይል ፕሮጀክቶች አንዱ ለአየር ንብረት ተብሎ ከተመደበው የዓለም ገንዘብ ውጭ መገንባቱን የሥርዓቱ ጉድለት አድርገው ያነሱታል። አስተያየቱ እውነትነት ቢኖረውም ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። በድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ፕሮጀክት አበዳሪዎች የተፋሰሱን አገሮች አቋም ይጠይቃሉ፤ የግብፅ ተቃውሞም የታወቀ ነበር።

የውኃው ክርክርና የአየር ንብረቱ ክርክር

ግብፅና ሱዳን ጉዳዩን የሚያዩት በውኃ ድርሻና በደኅንነት በኩል ነው። ከ2004 እስከ 2005 ዓ.ም. ከሦስቱ አገሮችና ከሌላ ዓለም የተውጣጡ አሥር ባለሙያዎች ያሉት ዓለም አቀፍ ቡድን ግድቡን መርምሮ የውኃ ሞዴልና የድንበር ተሻጋሪ ተጽዕኖ ጥናት እንዲካሄድ ምክር ሰጠ። በ2009 ዓ.ም. ቢአርኤልና አርቴሊያ የተባሉ የፈረንሳይ ድርጅቶች ጥናቱን እንዲያካሂዱ ውል ተፈረመ። ይሁንና በ2010 ዓ.ም. ሦስቱ አገሮች በመነሻ ሪፖርቱ ላይ ባለመስማማታቸው ጥናቱ ተቋረጠ። ሦስቱም የተቀበሉት የጋራ ጥናት አለመኖሩ በኋላ ለመጣው ክርክር ሁሉ ክፍተት ፈጥሯል።

ጉዳዩ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ አገሮቹ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር ድርድሩን እንዲቀጥሉ አበረታቷል። በዚያው ወቅት አሜሪካ ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው ድጋፍ የተወሰነውን ከግድቡ ጋር አያይዛ አግዳ በ2013 ዓ.ም. ሁለቱን ጉዳዮች ነጣጥላለች። ግብፅም ኢትዮጵያም በዋሽንግተን አግባቢ ድርጅቶችን ቀጥረው ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለውጭ መንግሥት የሚሠራ አግባቢ ውሉንና ክፍያውን እንዲያስመዘግብ ስለሚያስገድድ ነው።

በእነዚህ መድረኮች ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው ነጥቦች መካከል ከሕዝቧ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ የሌለው መሆኑና ኃይሉ ንጹህ መሆኑ ዋነኞቹ ነበሩ። የመጀመሪያው ነጥብ በቀላሉ የሚታይ ነው። ሁለተኛው ግን በአየር ንብረት ተቋማት ዘንድ በቃል ብቻ አይታለፍም።

የኃይል ጥግግት ጥያቄ

ግድብ ሲሞላ በውኃ ሥር የሚቀረው ዕፅዋትና አፈር ይበሰብሳል። ኦክሲጅን በሌለበት ጥልቅ ውኃ መበስበስ ሲካሄድ ሚቴን ይፈጠራል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እስከ 30 እጥፍ የሚደርስ የማሞቅ አቅም አለው። ጋዙ ከሐይቁ ወለል በአረፋ መልክ ይወጣል፤ ውኃው በተርባይን አልፎ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስም ይለቀቃል። መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን በሙቀት፣ በጥልቀትና በተሸፈነው መሬት ዓይነት ይወሰናል።

እያንዳንዱን ግድብ መለካት ስለሚያስቸግር ዓለም አቀፍ ተቋማት ቀላል መመዘኛ ይጠቀማሉ። ይህም የጣቢያውን የማመንጨት አቅም ለሐይቁ ስፋት በማካፈል የሚገኘው የኃይል ጥግግት ነው። በኪዮቶ ፕሮቶኮል ሥር የነበረው የንጹህ ልማት አሠራር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ በካሬ ሜትር ከ10 ዋት በላይ የሆነ ጣቢያ የሐይቅ ልቀት እንደሌለው ይቆጠራል። ከ4 በላይ እስከ 10 ዋት ከሆነ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 90 ግራም ይታሰብበታል። ከ4 ዋት ያልበለጠው በጸደቁት ስሌቶች ሊጠቀም አይችልም።

ህዳሴ ግድብን በዚህ ብናሰላ እንዲህ ይሆናል። አቅሙ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው። ንጋት የተባለው ሐይቁ ሙሉ ሲሆን 1 ሺህ 874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ውጤቱ በካሬ ሜትር 2 ነጥብ 75 ዋት ገደማ ነው። ጊቤ ሦስት በጠባብ ሸለቆ ውስጥ በመሠራቱ ወደ 9 ዋት ይደርሳል። በሌላ በኩል የግብፁ አስዋን ከፍተኛ ግድብ 2 ሺህ 100 ሜጋ ዋት ይዞ 5 ሺህ 250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሐይቅ ስላለው ከ0 ነጥብ 4 ዋት አይበልጥም።

ስለዚህ የህዳሴው ግድብ በጥግግት መመዘኛ ብቻ ከታየ የድሮውን የካርቦን ሽያጭ በር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የዘላቂ ኢንቨስትመንት መመዘኛም 5 ዋትን መነሻ አድርጓል። ነገር ግን የአውሮፓው መመዘኛ ሌላ አማራጭ ይሰጣል። ጥግግቱ ዝቅ ያለ ጣቢያ በዕድሜ ዘመኑ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚለቀው ከ100 ግራም በታች መሆኑን በጥናት ካረጋገጠ ተቀባይነት ያገኛል። ግድቡ በዓመት 15 ሺህ 700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል ከተባለ የ100 ግራሙ ጣሪያ በዓመት ከ1 ነጥብ 57 ሚሊዮን ቶን ጋር እኩል ነው። ከዚህ በታች መሆኑን ማሳየት የሚችለው መለኪያ እንጂ መግለጫ አይደለም። የመሬቱ ቆላማ መሆን፣ ሐይቁ ጥልቅ መሆኑ፣ ከመሞላቱ በፊት የተካሄደው ምንጣሮ ሁሉም በውጤቱ ላይ የሚገቡ ነገሮች ናቸው።

የጎረቤት ሽያጩም የራሱ ስሌት አለው። በከባድ ዘይት የሚሠራ ጣቢያ በኪሎ ዋት ሰዓት 700 ግራም ገደማ ይለቃል ቢባል፣ 1 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት የሚተካ ሽያጭ 700 ሺህ ቶን ያስቀራል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል የምትገዛው ጅቡቲ ቀደም ሲል በነዳጅ ጣቢያዎች ላይ ተመሥርታ ስለነበር ለዚህ ስሌት ተስማሚ ናት። በሱዳንም የነዳጅ ጣቢያዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው። የኬንያ መረብ ግን አብዛኛው ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውኃና ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ እዚያ የሚሸጠው እያንዳንዱ ዩኒት የዚያን ያህል ልቀት አያስቀርም። ሦስቱን ገበያዎች በአንድ ቁጥር አባዝቶ ማቅረብ በድርድር ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ የሚጋለጥ ስህተት ነው። ከዚህም ሌላ በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት አንድ ቅነሳ በሁለት አገሮች ሰነድ ሊቆጠር አይችልም። የገዢው አገር መንግሥት ቅነሳውን ለራሱ ከመዘገበው ኢትዮጵያ መልሳ ልትሸጠው አትችልም።

የክልሉ ድርሻ

ጉዳዩ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ለስሌቱ ከሚያስፈልገው መረጃ ቀላል የማይባለው ክፍል ያለው በአሶሳና በየወረዳዎቹ ነው። የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስቴርና የክልሉ መንግሥት በ2013 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ውኃው ከሚተኛበት መሬት ላይ ደን የመመንጠሩ ሥራ በአካባቢው ወጣቶች ተሠርቷል። የትኛው ቦታ እንደተመነጠረ፣ እንጨቱ ተጓጉዞ እንደወጣ ወይም እንደተተወ የሚያሳይ መዝገብ ለልቀት ጥናት ዋነኛ ግብዓት ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መዝገብ የክፍያ ሰነድ ተደርጎ ይቀመጥና ሒሳቡ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ሁለተኛው የተፈናቃዮች ጉዳይ ነው። በጉባና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ የጉሙዝና የሌሎች ብሔረሰቦች ቤተሰቦች ለሐይቁ ቦታ ለቅቀው በአዳዲስ መንደሮች ሰፍረዋል። አዲስ የእርሻ መሬት ለማግኘት የሚጨፈጨፍ ደን ካለ በሙያው አጠራር የተዘዋወረ ልቀት ይባላል፤ አጥኚዎችም ይጠይቁታል። ከሥነ ምግባርም ሆነ ከማግባባት አንጻር የሰፋሪዎቹ ኑሮ መሻሻል ወይም አለመሻሻል በሰነድ መያዝ አለበት። በጊቤ ሦስት ላይ የተካሄደው ዘመቻ በብዛት የተመሠረተው በጋዝ ልቀት ሳይሆን በሰዎች ኑሮ ላይ እንደነበር መርሳት አይገባም። በግድቡ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ራሳቸው መብራት ማግኘት አለማግኘታቸውም እንግዳ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ደለል ነው። የአባይ ተፋሰስ ከፍተኛ የአፈር መሸርሸር ያለበት ሲሆን ወደ ሐይቁ የሚገባው አፈር ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ከአፈሩ ጋር የሚመጣው የበሰበሰ ነገርም ለሚቴን መፈጠር ግብዓት ይሆናል። በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ከፍታ ቦታዎች የሚሠራው የእርከን ሥራ፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ተከላና በቤንሻንጉል ጉሙዝ ያለው የቆላ ቀርከሃ ጥበቃ ከግድቡ የአየር ንብረት ዋጋ ጋር የሚገናኙት በዚህ በኩል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው በሕይወት የተረፈው ችግኝ ቁጥር እንጂ የተተከለው ብቻ አይደለም።

በክልሉ የግል ኢንዱስትሪም ወደዚሁ ስሌት እየገባ ነው። በአሶሳ ዞን የኩርሙክን የወርቅ ፕሮጀክት የያዘው መቀመጫውን ካናዳ ያደረገው አላይድ ጎልድ ኩባንያ የማዕድኑን ሥራ ከብሔራዊ የኃይል መረብ ጋር ማገናኘትን በዕቅዱ አካትቷል። ከውኃ የሚመነጭ ኃይል የሚጠቀም ማዕድን አውጪ ለባለአክሲዮኖቹ ዝቅተኛ ልቀት ያለው ምርት አለኝ ሊል ይችላል። ይህን ሲል የሚጠቅሰው አኃዝ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኘው ስለሆነ የሐይቁ ልቀት ሳይለካ ቢቀር ጥያቄው ለደንበኛውም ይተርፋል።

ሕጋዊ መሠረት አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከአንድ ክልል በላይ ተጽዕኖ ያላቸው ፕሮጀክቶች በፌዴራሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲመረመሩ ያዛል። የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው መመሪያም በሰው ሠራሽ ሐይቅ የተሸፈነ መሬት ልቀት በአገራዊ ቆጠራ የሚሰላበትን ዘዴ አስቀምጧል። ልኬቱ ራሱ የማይቻል ነገር አይደለም። በውኃ ላይ በሚንሳፈፍ ክዳን ጋዝ ይሰበሰባል፤ በክረምትና በበጋ፣ በጥልቁና በዳርቻው፣ ከተርባይኑ በላይና በታች ናሙና ይወሰዳል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በማስተማር ላይ ያለው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ በቅርበት ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል።

ጊዜው ግን አጭር ነው። የመጀመሪያው የውኃ ሙሌት የተካሄደው በ2012 ዓ.ም. በመሆኑ የልቀቱ ከፍተኛ ዓመታት ከሚባሉት ውስጥ በርካታዎቹ አልፈዋል፤ ባለፈው ዓመት ያልተወሰደ ናሙና በሚቀጥለው ሊተካ አይችልም። በሌላ በኩል በብራዚል ቤሌም በኅዳር 2018 ዓ.ም. በተካሄደው ጉባዔ ኢትዮጵያ 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተወስኗል። አስተናጋጅ አገር የውኃ ኃይሏን በግንባር ቀደምነት ማቅረቧ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ወደ ጉባ የሚጓዙ እንግዶች ከኃይሉ መጠን ቀጥለው የሚጠይቁት በኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ግራም የሚለውን ነው።